የጉዳት ካሳ ጥያቄዎ በቪኤ ውድቅ ሲደረግ፦ ከደብዳቤው እስከ ይግባኙ

ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪኤ ከምንለው፣ የጉዳት ካሳ ጥያቄዎን ውድቅ ያደረገ ወፍራም ፖስታ ሲደርስዎ ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ ይናደዱ፤ መብትዎ ነው። ቀጥሎ በደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የታተመውን ቀን ፈልገው በብዕር ክብ ያድርጉበት። የአንድ ዓመቱ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ ፖስታው እጅዎ ከገባበት ወይም ልብዎ ረግቶ ካነበቡት ቀን አይደለም።

ይህ አንድ ዓመት ገንዘብ ነው። ጥያቄዎን ያስገቡት በማርች 2023፣ ውድቅ የተደረገው ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ነው እንበል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብዳቤው አንድ ዓመት ሳይሞላው በክፍል 5 ከማነሳቸው ሦስት የይግባኝ መንገዶች በአንዱ ገብተው በመጨረሻ ከተፈቀደልዎ፣ ክፍያው በአብዛኛው ወደ መጀመሪያው ማመልከቻ ተመልሶ ይታሰባል። ዓመቱ ካለፈም በሩ አይዘጋም፤ አዲስ ማስረጃ ይዘው መግባት ይችላሉ። የሚያጡት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ ይታሰብልዎ የነበረውን የኋላ ክፍያ ነው። በ2025 ተመን 70 በመቶ ጉዳት የተወሰነለት፣ ጥገኛ የሌለው ሰው በወር 1,759.19 ዶላር ያገኝ ነበር። በዚህ ሒሳብ ሃያ ወር ማጣት ከ35 ሺህ ዶላር በላይ ማጣት ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከእኛው ማኅበረሰብ ወጥተው በአሜሪካ ጦር ላገለገሉ ሰዎች ነው። ማቭኒ በሚባለውና አማርኛን ጨምሮ የተለያዩ ቋንቋዎችን የሚችሉ የውጭ ዜጎችን በተቀበለው መርሐ ግብር የገቡ አሉ፤ በመኖሪያ ፈቃድ የገቡ አሉ፤ እዚያው ተወልደው ያደጉም አሉ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። የሚያደናቅፉን ነገሮች ግን አንዳንዶቹ የራሳችን ናቸው፤ እነሱን ሳልፈራ አነሳቸዋለሁ።

1. ደብዳቤው የጎደለውን ይነግርዎታል

ውድቅ የተደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ «ለምን አላመኑኝም?» ብሎ ይጀምርና ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ መልሶ ይልካል። ድካሙ በከንቱ ነው። ጥያቄው ምን ጎደለ የሚለው ነው፤ መልሱም ደብዳቤው ውስጥ አለ።

ቪኤ ጉዳትዎን ከአገልግሎትዎ ጋር ለማያያዝ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ዛሬ ያለ፣ ሐኪም መርምሮ ስም የሰጠው ሕመም። ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ላይ ሳሉ የደረሰ አደጋ፣ ሕመም ወይም ለመርዛማ ነገር መጋለጥ። ሦስተኛ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሕክምና አስተያየት። ደብዳቤው «ምርመራው ስም ያለው ሕመም አላገኘም» ካለ የጎደለው አንደኛው ነው። «በአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገብዎ ስለዚህ ሕመም የተጻፈ አልተገኘም» ካለ ሁለተኛው ነው። «ሕመሙ ከአገልግሎት ጋር የመያያዙ ዕድል ከግማሽ በታች ነው» ካለ ደግሞ ሦስተኛው ነው። የጎደለውን በደብዳቤው ጠርዝ ላይ ይጻፉት፤ ከዚህ በኋላ የሚሰበስቡት ወረቀት ሁሉ ለዚያ ክፍተት መልስ መሆን አለበት።

አብዛኛው ሰው ዘሎት የሚያልፈው ክፍል ግን ለእርስዎ የሚጠቅሙ ግኝቶች የተዘረዘሩበት ነው። «በኩዌት ማገልገልዎ ተረጋግጧል» ወይም «የወገብ ሕመም እንዳለብዎ በምርመራ ተረጋግጧል» የሚል ነገር ይኖርበታል። ቪኤ አንዴ የተቀበለው ግኝት፣ ግልጽ ስህተት መሆኑ ካልታየ በስተቀር፣ ቀጥሎ የሚወስነውንም ሰው ያስረዋል። ስለዚህ በተቀበሉልዎ ነገር ላይ ጉልበት አይጨርሱ።

በነገራችን ላይ «0 በመቶ» ውድቅ ማለት አይደለም። ቪኤ ጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር መያያዙን ተቀብሏል፤ ለክፍያ የሚበቃ ክብደት ግን አላገኘበትም። አስቸጋሪው ግማሽ ተሠርቷል፤ የሚከራከሩት በመጠኑ ላይ ብቻ ነው።

2. ፋይልዎን ያስወጡ

በቅጽ 20-10206 ቪኤ ስለ እርስዎ የያዘውን ሙሉ ፋይል መጠየቅ ይችላሉ። ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ ይላኩት። የጦር ሠራዊት የሕክምናና የአገልግሎት መዝገብዎ የሌለዎት ከሆነ በኤስኤፍ 180 ቅጽ ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ይጠየቃል።

ከፋይሉ ሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት አንድ ሰነድ አለ፤ በቪኤ ወይም ቪኤ በቀጠረው ድርጅት ሐኪም የተደረገልዎ ምርመራ ሪፖርት። የውድቀቱ መነሻ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። ሪፖርቱን ሲያነቡ ሐኪሙ የአገልግሎት መዝገብዎን አይቻለሁ ብሏል? የተናገሩትን ጽፏል? አስተያየቱን የደገፈበት ምክንያት አለው፣ ወይስ «በጊዜው አልታከመም፤ ስለዚህ አይያያዝም» ብሎ ብቻ አልፏል? በ2006 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጊዜው የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ስለሌለ ብቻ የወታደሩን ቃል ተአማኒነት የለውም ማለት እንደማይቻል ወስኗል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ካገኙ የይግባኝዎ ዋና ፍሬ እሱ ነው።

3. ነፃ ወኪል ይያዙ፤ ደላላ አይያዙ

ብቻዎን መከራከር ይፈቀዳል፤ አልመክርም። ዲሴብልድ አሜሪካን ቬተራንስ፣ አሜሪካን ሊጅን እና ቬተራንስ ኦፍ ፎሪን ዎርስ የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው ወኪሎች አሏቸው። ምንም አያስከፍሉም፤ አባል መሆንም ግዴታ አይደለም። የቨርጂኒያ ግዛት የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤትና የቴክሳስ የቀድሞ ወታደሮች ኮሚሽንም እንዲሁ ነፃ ወኪሎች አሏቸው። በሚኒሶታና በካሊፎርኒያ የካውንቲ መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቁ። ወኪሉን የሚሾሙት በቅጽ 21-22 ነው፤ ከተሾመ በኋላ ፋይልዎን በኮምፒውተር ገብቶ ማየት ስለሚችል፣ ከላይ የጠየቁት ፋይል እስኪመጣ መጠበቅ ላያስፈልግዎ ይችላል።

የወኪል ጥራት ይለያያል። ጥሩውን የሚያውቁት በመጀመሪያው ስብሰባ ነው፦ የውድቅ ደብዳቤውን አንብቦ «የጎደለው ይህ ነው» የሚል ሰው ያግኙ። ደብዳቤውን ሳይከፍት ቅጽ መሙላት የሚጀምር ከሆነ አመስግነው ሌላ ይፈልጉ። ወኪል መቀየር መብትዎ ነው።

ጉዳዩ ከተወሳሰበ ጠበቃ መያዝ ይቻላል። ጠበቃ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ዝግጅት ማስከፈል አይፈቀድለትም፤ ቪኤ የመጀመሪያውን ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ግን ይችላል። ልማዱ ከሚገኘው የኋላ ክፍያ ላይ መቶኛ መውሰድ ነው። እስከ 20 በመቶ ድረስ ተገቢ እንደሆነ ይገመታል፤ ከሲሶ ካለፈ አግባብ የለውም ተብሎ ይገመታል። 35 ሺህ ዶላር የኋላ ክፍያ ቢያገኙ 20 በመቶው 7 ሺህ ዶላር ነው፤ ከመፈረምዎ በፊት ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፈው ይዩት። በነፃ የሚሠሩም አሉ፤ ለምሳሌ በቨርጂኒያ የዊሊያም ኤንድ ሜሪ የሕግ ትምህርት ቤት የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ።

ከሁሉም የሚያበሳጩኝ በስልክና በማኅበራዊ መገናኛ እየተከታተሉ «100 በመቶ እናስወስንልዎታለን» የሚሉት ናቸው። ዕውቅና ሳይኖረው የካሳ ጥያቄ አዘጋጅቶ ገንዘብ መቀበልን ሕግ ይከለክላል። እነሱ ግን «አማካሪ ነን» በሚል ስም የወር ክፍያዎን አምስት ስድስት እጥፍ ያስፈርሙዎታል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ዕውቅና ያለው ሰው ስም ሁሉ በቪኤ ዋና የሕግ አማካሪ ቢሮ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስሙን ይጠይቁ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ስልኩን ይዝጉ። የቪኤ የይለፍ ቃልዎን የሚጠይቅዎን ሰውማ ከዝርዝሩ ሳይፈልጉም ያሰናብቱት።

4. ክፍተቱን የሚሞላ ማስረጃ ያዘጋጁ

የጎደለው ትስስሩ ከሆነ የሚያስፈልግዎ የሐኪም ደብዳቤ ነው። «ታካሚዬ የጉልበት ሕመም አለበት» የሚል ደብዳቤ አይጠቅምም፤ ያንን ቪኤም ያውቃል። ለሐኪምዎ የአገልግሎት ዘመን መዝገብዎንና ቪኤ የተደገፈበትን የምርመራ ሪፖርት ይውሰዱለት። ደብዳቤው ሰነዶቹን ማንበቡን፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣበት ዕድል ቢያንስ ከመቶ ሃምሳ መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን እንዲህ እንዳለ መግለጽ አለበት። እርግጠኛ ነኝ ማለት አይጠበቅበትም። ሕጉ ማስረጃው ግራና ቀኝ እኩል ከመዘነ ለወታደሩ ይፈረድ ይላል። ምክንያት የሌለው ደብዳቤ ግን፣ የቱንም ያህል ታዋቂ ሐኪም ቢፈርመው፣ ክብደት አያገኝም።

የጎደለው በአገልግሎት ዘመን የተጻፈ መረጃ ከሆነ ወደ ራሳችን ጠባይ እንመጣለን። «ወንድ ልጅ ቻል ማድረግ አለበት» ተብሎ ያደገ ወታደር ወገቡ ቢቆረጥም ክሊኒክ አይሄድም። የሥራ ፈቃድ ወይም ዜግነት ይበላሽብኛል ብሎ የፈራም ብዙ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ባዶውን የሚሞላው የምስክር ቃል ነው፤ ቅጹ 21-10210 ነው። አብሮዎ ያደረ ጓደኛ፣ የበላይ የነበረ ሳጅን፣ ባለቤትዎ፣ ወንድምዎ ሊሞሉት ይችላሉ።

የምስክርን ቃል የሚያበላሸው ማሞገስ ነው። «ባለቤቴ ለዚህች አገር ብዙ መከራ ተቀብሏል፤ ካሳ ይገባዋል» የሚለው ቃል ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ለወሳኙ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይለያል፦ «በ2014 ከኩዌት ከተመለሰ ጀምሮ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳል ይቀሰቅሰዋል። ሦስተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ቤታችን ሲወጣ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ያርፋል። ከመሄዱ በፊት እሑድ እሑድ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ቀን አልተጫወተም።» ያየችውን ብቻ ጻፈች፤ የሕመሙን ስም ለሐኪሙ ተወች። እናት ወይም ባለቤት በአማርኛ መጻፍ ከቀለላቸው በአማርኛ ይጻፉና የእንግሊዝኛ ትርጉሙና የተርጓሚው ፊርማ ይያያዝ፤ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ነገር ላይ ግን አይፈርሙ።

ስምና ቀን ሌላው ጣጣችን ናቸው። ዲዲ 214 በሚባለው የጦር ሠራዊት የስንብት ወረቀትዎ ላይ ስምዎ በአንድ አጻጻፍ፣ በዜግነት ወረቀትዎ በሌላ፣ በሐኪም ቤት ካርድ በሦስተኛ ከሆነ፣ ሁሉም የእርስዎ መሆኑን የሚገልጽ አጭር የተፈረመ መግለጫ በቅጽ 21-4138 ያያይዙ። ባለቤትዎ የእርስዎን ስም አለመያዟም አሜሪካዊውን የቢሮ ሠራተኛ ያደናግረዋል፤ አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃል። ከኢትዮጵያ የመጣ የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ላይ 2008 የሚለው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ ተርጓሚው ወደ 2015 ወይም 2016 መለወጡን ያረጋግጡ። 30 በመቶና ከዚያ በላይ የተወሰነለት ሰው ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚያገኝ ይህ ወረቀት ኋላ ላይ መፈለጉ አይቀርም።

ከኦገስት 10፣ 2022 በፊት በመተንፈሻ አካል ሕመም ወይም በካንሰር ምክንያት ጠይቀው ውድቅ የተደረገብዎ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይዩት። በዚያ ቀን የተፈረመው ፓክት የተባለው ሕግ በተወሰኑ አካባቢዎች ያገለገሉ ወታደሮች ለቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች ጭስና ለሌሎች መርዞች እንደተጋለጡ ይቆጥራል። ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ ሥር የሰደደ የሳይነስና የአፍንጫ ብግነት እንዲሁም የተለያዩ ካንሰሮች በዝርዝሩ አሉ፤ ለእነዚህ የሐኪም የትስስር ደብዳቤ አያስፈልግም። ቦታዎቹ ከኦገስት 2፣ 1990 ጀምሮ ኢራቅን፣ ኩዌትን፣ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ኳታርንና ሶማሊያን፣ ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ጀምሮ ደግሞ አፍጋኒስታንን፣ የመንንና ጅቡቲን ይጨምራሉ። ጅቡቲ ካምፕ ለሞኒዬር የነበራችሁ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

5. ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ይምረጡ

ከፌብሩዋሪ 19፣ 2019 ጀምሮ ሦስት መንገዶች አሉ። ምርጫው የሚወሰነው በእጅዎ ባለው ወረቀት ነው።

አዲስ ወረቀት ካለዎት ተጨማሪ ጥያቄ ያስገቡ፤ ቅጹ 20-0995 ነው። ማስረጃው አዲስ፣ ማለትም ከዚህ በፊት ያላዩት፣ እንዲሁም ጉዳዩን የሚነካ መሆን አለበት። እርስዎ ቦታውን ከጠቆሙላቸው ቪኤ ራሱ ማስረጃ ለማሰባሰብ የመርዳት ግዴታ አለበት፤ አዲስ ምርመራም ሊያዝ ይችላል። እኔ የማየው አብዛኛው ጉዳይ የሚስተካከለው በዚህ መንገድ ነው፤ ከላይ የሐኪም ደብዳቤና የምስክር ቃል ላይ ያን ያህል የቆየሁትም ስለዚህ ነው።

አዲስ ወረቀት ከሌለዎትና ወረቀቱ እያለ ወሳኙ ተሳስቷል የሚሉ ከሆነ ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ፤ ቅጹ 20-0996 ነው። እዚህ አንድም አዲስ ገጽ አይቀበሉም። ነገር ግን ከሚያየው ባለሙያ ጋር በስልክ ለመነጋገር መጠየቅ ይችላሉ፤ ይጠይቁ። ንግግሩ ስለ መከራዎ አይሁን፤ «በምርመራ ሪፖርቱ ገጽ 4 ላይ ሐኪሙ የ2013ን የክሊኒክ ወረቀት አላየውም» ብለው ስህተቱን ይጠቁሙ። ወኪልዎ በእርስዎ ፈንታ ቢናገር ይመረጣል። ባለሙያው ቪኤ ማስረጃ የማሰባሰብ ግዴታውን እንዳልተወጣ ካመነ ጉዳዩን ለማረም ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ዋሽንግተን ለሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ቦርድ ማቅረብ ነው፤ ቅጹ 10182 ነው። ዳኛው ባለው ማስረጃ ብቻ እንዲወስን፣ በ90 ቀን ውስጥ ማስረጃ እንዲጨምሩ፣ ወይም ችሎት ቀርበው እንዲናገሩ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣሉ። ችሎቱን በቪዲዮ ከቤትዎ ሆነው መከታተል ይቻላል። መንገዱ ረጅም ነው፤ የችሎቱ ተራ ደግሞ ይብሳል። ቃልዎን ሰምቶ የሚያምን ሰው ያስፈልግዎታል ብለው ካላሰቡ በስተቀር ወደ ችሎት አይቸኩሉ። ዕድሜያቸው 75 ለሞላ ወይም በጠና ለታመሙ ሰዎች ተራ እንዲቀድም መጠየቅ ይቻላል።

በአንዱ ካልተሳካ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ ለአንድ ጉዳይ ግን ከፍ ያለውን ባለሙያ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መጠየቅ አይፈቀድም። ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ አዲስ የአንድ ዓመት ቆጠራ ይጀምራል፤ ካላቋረጡት የመጀመሪያው ቀን ይጠበቅልዎታል።

6. አዲስ ምርመራ ሲጠሩ

ጥሪው የሚመጣው ቪኤ ከቀጠረው ድርጅት፣ ከማያውቁት ስልክ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ወራት የማያውቁትን ቁጥርም ያንሱ። አዲስ አበባ ለወር ሁለት ወር የሚሄዱ ከሆነ ለወኪልዎ ይንገሩና ቀጠሮው እንዲዛወር ያድርጉ፤ ያለ ምክንያት የቀሩበት ምርመራ ጥያቄዎን ሊያስጥለው ይችላል።

ምርመራው ክፍል ገብተው ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል አፋችን ላይ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ሐኪሙ ይህን ሰላምታ ነው ብሎ አያልፈውም፤ ሕመም የለብኝም ብሏል ብሎ ይጽፈዋል። ሰላምታውን በሰላምታ ይመልሱና ሲቀጥል የሕመሙን ነገር ይንገሩት፦ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚነሳ፣ ሲብስ ምን መሥራት እንደማይችሉ፣ ከሥራ ስንት ቀን እንደቀሩ። እጅዎን ወደ ላይ አንሡ ሲባሉ ሕመሙ የሚጀምርበት ላይ ሲደርሱ ይናገሩ፤ ጥርስ ነክሶ እስከ ላይ ማንሳት ጉብዝና ሆኖ አይመዘገብልዎትም። የቅዠት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የቁጣ ነገር ከሆነ ከባለቤት እንኳ ደብቀን የኖርነውን ለማያውቁት ሰው መናገር ከባድ ነው። ቤትዎ ሆነው በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ እያዩ ማንበብ ነውር የለውም። ማጋነን ግን አይገባም፤ መዝገቡ ከቃልዎ ጋር ከተጋጨ እውነቱም አይታመንም።

የምርመራው ዕለት ማታ ሐኪሙ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳልጠየቀ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጽፈው ያስቀምጡ። ሪፖርቱ የተሳሳተ ሆኖ ሲመጣ ይህ ማስታወሻ ለይግባኙ ይጠቅማል።

7. ቦርዱም ውድቅ ካደረገ

አዲስ ማስረጃ ካገኙ ወደ ተጨማሪ ጥያቄ መመለስ ይችላሉ። ቦርዱ ሕግ ተላልፏል ከተባለ ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አለ፤ ከቪኤ ውጭ የሆነ፣ በ1988 የተቋቋመ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የጊዜ ገደቡ አንድ ዓመት ሳይሆን ከቦርዱ ውሳኔ ጀምሮ 120 ቀን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እዚህ ያለ ጠበቃ አይግቡ፤ ቬተራንስ ኮንሶርሺየም የተባለው ድርጅት ለዚህ ፍርድ ቤት ጉዳዮች በነፃ የሚቆሙ ጠበቆችን ያገናኛል።

ጠያቂው ጉዳዩ ሳይቋጭ ካረፈም ክርክሩ የግድ አብሮ አይቀበርም። ባለቤቱ ወይም ሌላ ሕጉ የሚፈቅድለት ቤተሰብ ከሞተበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ በእሱ ቦታ ተተክቶ ለመቀጠል መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ የት እንደተቀመጠና የወኪሉ ስልክ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ከወዲሁ ለቤተሰብ ይንገሩ።

በመጠባበቅ ላይ ሳሉ አድራሻ ከቀየሩ በ1-800-827-1000 ደውለው ያሳውቁ፤ በዚያው ቁጥር ጉዳይዎ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይቻላል። ከቤት ሊወጡ የደረሱ ወይም ለከባድ የገንዘብ ችግር የተጋለጡ ከሆነ በቅጽ 20-10207 ቅድሚያ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የቤት ማስለቀቂያ ወይም የዕዳ ደብዳቤውን ያያይዙበት። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሆኖ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ የካሳውን ጉዳይ ለጊዜው ይተዉት፤ ሌሊትም ቢሆን 988 ደውለው 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳ ሰው ያነሳልዎታል።